በበሬ የተጎተተው ኦራል

ኦራሉ፣ ያ ትልቁ የወታደር ጭነት መኪና፣ ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ ላይ የቀረው የያኔው መንግሥት ጦር በሸሸበት ዘመን ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ሳየው አረንጓዴ ነበር፤ ልጆች ስወልድ ዝጎ የቀይ አፈር መልክ ይዟል። አንድ የንፋስ መውጫ ነጋዴ ለብረቱ ብሎ በጨረታ ገዝቶት ነበር፤ የሚያነሳበት ቢያጣ እዚያው ተወው።

ጋራዥ የሚሠራው የመጀመሪያ ልጄ እንግዛውና አድሰን እንሥራበት ሲለኝ፣ ቀድሞ ከአፌ የወጣው «ፈንጂ ቢኖርበትስ?» የሚል ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ዶሮ የሚሰፍርበት መኪና እኮ ነው።»

«ዶሮ ክብደት የላትም» አልኩት።

ቀልዴን አልነበረም። ወታደር የነበረ ጎረቤታችን ከላይ እስከ ታች እስኪፈትሸው ድረስ ልጄን አላስጠጋሁትም። ነጋዴውንም የጨረታውን ወረቀት ያሳዩኝ ብዬ፣ በዚያችው በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ ፊደሉን እየለቀምኩ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ነው ከጥማዴ አንዱን በሬ ሸጬ የገዛነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ያ ጥማድ ነበር ቤቱን ያቆመው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። መኪናው ካልተነሳ የሰው በሬ ስለምን ልኖር ነው እያልኩ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ልጄ የሰጠሙትን ጎማዎች ቆፍሮ አወጣ፣ በሌላ አሮጌ ጎማም ቀየራቸው። ግን ሜዳው ረግረግ ስለሆነ ጎታች መኪና አይገባበትም፤ ዳገቱን አውጥቶ እመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉልበት ጠፋ። እንደ እርሻ ጊዜ ወንፈል ልጥራ አልኩና መንደሩን ዞርኩ። ወንፈል ደግሞ ይመለሳል፤ በሬውን ይዞ ለመጣልህ በሬህን ይዘህ ትሄድለታለህ።

«እቴ፣ በአንድ በሬ ምን ልትመልሺ ነው?» አለኝ አንድ ቀልደኛ ጎረቤቴ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

«ኦራሉ ይመልሳል። እህላችሁን ከአውድማ እቤታችሁ ያደርሳል።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ፣ ባልተነሳ መኪና ዕዳ ገባሁ አልኩ በልቤ።

ቢስቁም አልቀሩም፣ መጡ። በሬዎቹ በየቀንበራቸው ፊትና ኋላ ተሰልፈው በሰንሰለት ተያያዙ። ልጄና ጎረምሶቹ ከኋላ ሆነው ይገፋሉ። ቀልደኛው ጅራፉን እያጮኸ፣ «ድሮ መኪና በሬ ይጭን ነበር፤ ዛሬ በሬ መኪና ይጎትት!» ይላል። እኔ መኪናው ትንሽ በተራመደ ቁጥር ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስገባለሁ።

«እቴ፣ ካብ ልትክቢ ነው እንዴ? በሬውን አዘገየሽው እኮ!»

«አንተ በሬህን ንዳ፤ ድንጋዩን ለኔ ተወው።»

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የፊተኞቹ በሬዎች በጉልበታቸው ተደፉ፤ ኦራሉ ወደ ኋላ፣ ወደነልጄ ተንሸራተተ። ጎማው ድንጋዮቼ ላይ ወጣ አለና፣ ተንቋቁቶ ቆመ።

ከዚያ ያ ቀልደኛ ጅራፉን መሬት ጣለና አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ መጣ።

«የት ላድርገው?» አለኝ።

ሰንሰለቱን ቀጥለን፣ ከእኔ ጋር ድንጋይ የሚያቀርበው በርክቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦራሉን እመንገዱ ላይ አቆምነው።

ልጄ ክረምቱን ሙሉ ሸራ ወጥሮ ሥሩ ተኝቶ ከረመ። የደረቀውን ሞተር ዘይት እያጠጣ አላቀቀው፤ የጎደለውን ከሌላ መኪና እየፈታ ገጠመ። አዝመራው ሲደርስ ቁልፉን አዞረ። እኔ ከአጥሩ ውጪ ነበርኩ፤ ይፈነዳል ብዬ። ሞተሩ እህህ ብሎ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ምድሩን አንቀጠቀጠው። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤቱ የሠርግ መስሎት ወጣ።

ወንፈል ከመጣልኝ ቤት አንድም አልዘለልንም፤ የሁሉንም እህል ከየአውድማው አነሳን። የዚያ የቀልደኛው ተራ ሲደርስ ጆንያዎቹ ላይ ተንፈላሶ ተቀመጠና፣

«ሾፌር! እናትህን አትስማት፣ ርገጠው!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ከልጄ ጎን ከፊት ተቀምጬ፣ በሩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ» እላለሁ።

ልጄ የኔን ሰማ። ይሻላል፤ ቀስ ብለን ስንሄድ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ደህና አድርጎ አየን።