ለማዳም የደረሰው መልእክት

ተውፊቅ ላፕቶፑን የሚያስጌጠውን ያህል ቢሠራበት ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈው ሌላ ይሆን ነበር። ተወልዶ ያደገው ነጭና ጥቁር ዐባይ በሚገናኙበት ከተማ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ነው፤ ከወሎ የመጣች እናቱ በሰው ቤት ሠርታ አሳደገችው። አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ ይህን አልነቅፍበትም። የምነቅፈው እውቀቱን ነው፣ ማለቴ እውቀት ብሎ የያዘውን።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት እዚያው ከተማ ዐማራት ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ድረ ገጽ እንሠራ ነበር። እኔ ሥራውን ከመጽሐፍ እየለቀምኩ በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ላበቃኝ አላህ ምስጋና ይግባው። እሱ መጽሐፍ አይነካም። አዲስ መሣሪያ ወጣ ሲባል የጀመረውን ጥሎ በአዲሱ ይጀምራል። ኮድ ለሚጽፍበት መስኮት ቀለም ሲመርጥ የዙህር ሶላት ያልፈዋል።

እንደ ምንም አንድ ሥራ ጨረሰ። በሰው ቤት የሚሠሩ የሀገራችን ሴቶች ሌላ ሥራ የሚፈልጉበት ገጽ ነው። ሴትየዋ ስሟንና የስልክ ቁጥሯን ትሞላለች፤ የሚፈልጋት አሠሪ ሲገኝ ገጹ ወደ ስልኳ መልእክት ይልካል። ከላይ ዐባይ ሲፈስ የሚያሳይ ትልቅ ቪዲዮ ለጠፈበት። ሥራ ፈላጊ ሴት ዐባይን አይታ ምን ታደርገዋለች?

«ከመክፈትህ በፊት ከሴቶቹ አንዷ በምትይዘው ስልክ ትሞክረው» አልኩት። «አንተ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ ዝም ብለህ እይ። ኔትወርኩን ሆን ብለህ አዘግይተህም ሞክር፤ ማዘግያ መሣሪያው ኮምፒውተርህ ላይ አለልህ።»

«ያ ዐሚ ይማም፣ ይሄ የድሮ ሰው ሥራ ነው። እኔ ጋ ፈጣን ነው፣ ኸላስ!» አለኝ፤ ዐሚ ሲል አጎቴ ማለቱ ነው።

አዎ፣ እሱ ጋ ፈጣን ነበር፤ የቢሮ መስመር ላይ ተቀምጦ።

ሪያድ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ቪላ ተቀጥራ የምትኖር ሀኒፋ የምትባል የአክስት ልጅ አለችው። ጁምዐ ዴም ስትመጣ አስቀምጦ መዘገባት። ቁጥር ሲላት የምታውቀውን ሰጠችው። እንደ ብዙዎቹ የራሷ ሲም የላትም፤ ማዳም በራሷ መታወቂያ አውጥታ ማድ ቤት ያስቀመጠችው ስልክ ነው ያለው። ዴም ያደገ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ያልፋል? እናቱ ስንት ቤት እንዲሁ ኖራለች! ተውፊቅ ግን ቁጥሩን ጻፈና ፎቶ አነሳት።

በሳምንቱ ሀኒፋ ፌስታሏን ይዛ ቢሯችን በር ላይ ቆመች። ዐማራት ያለ አንድ ቤት ፈልጓት ኖሮ መልእክቱ ማድ ቤት ደረሰ፤ ያነበበችው ማዳም ናት። ተውፊቅ ዐረብኛውን አሳምሮ ጽፎታልና ለመረዳት አልተቸገረችም። ወዲያው አስወጣቻት።

ላፕቶፑን ከፈተላት። «ሲስተሙ ሠርቷል! እዪው፣ ተልኳል፣ ደርሷል፣ አረንጓዴ ነው።»

«አዎ ደርሷል፤ ለማዳም» አለች ሀኒፋ። «ፓስፖርቴን ይዛዋለች። ያለ ፓስፖርት አዲሱ ቤት አያስገባኝም። አንተ አረንጓዴህን ታቅፈህ ተኛ።»

በረክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ሦስታችን ሪያድ ሄድን። ማዳም በሩን ገርበብ አድርጋ ተውፊቅን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሙሀንዲስ ነኝ።»

«እንግዲያው ባሽሙሀንዲስ፣ ቁጥሬን ከገጽህ አጥፋ። መጥፋቱን ሳይ ፓስፖርቷን እሰጣለሁ።»

ማጥፊያ አልሠራለትም ነበር። ሰው ሲገባ እንጂ ሲወጣ አልታሰበውም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን በስልኩ መስመር አገናኘ። ገጹ ዐባይን ለመጫን መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ።

«ያላ፣ ባሽሙሀንዲስ! ፀሐይ ነው!» አለች ማዳም።

ሀኒፋ ፌስታሏ ላይ ቁጭ አለች። «ዐባይ እስኪደርስ እግሬን ለመታጠብ ልዘጋጅ።»

ላብ አጠመቀው። ገጹን ትቶ በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ገባና የማጥፊያ ትእዛዝ መጻፍ ጀመረ። «መጀመሪያ ቅጂ ያዝ» አልኩት። «ከማጥፋትህ በፊት የምታጠፋውን አስጠርተህ እይ።»

«አታዘግየኝ፣ ያ ዐሚ!» አለና፣ የማን ቁጥር እንደሚጠፋ ሳይጽፍ ትእዛዙን ላከው።

ገጹ በመጨረሻ ተከፈተ። ዐባይ ይፈሳል፤ ከሥሩ አንድ ሰው የለም። የተመዘገቡት ሴቶች ሁሉ ጠፍተዋል፤ ቅጂም የለም።

ማዳም አጎንብሳ አየች። «የእኔ የለም» አለችና ፓስፖርቱን አምጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ገጽ የተጠቀመች አንዲት ሴት ብትኖር ሀኒፋ ናት፤ እሷም የተጠቀመችው ከላዩ በመጥፋቷ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ለማይረባ ነገርም መላ አያጣም።

ስንመለስ ተውፊቅ ረክሻው ውስጥ አንገቱን ደፋ። «ዐሚ፣ ቪዲዮውን ላውጣው?» አለ ቀስ ብሎ። ይህን በመጠየቁ ብቻ ተስፋ አደረግኩ፤ ብዙም አይደለም፣ ትንሽ።

ሀኒፋን አዲሱ ቤት በር ላይ አወረድናት። ተውፊቅ በልማዱ ስልኩን አወጣ። «አሁን የምልክልሽ በየትኛው ቁጥር ነው?»

ፓስፖርቷን ጉያዋ ከታ ፌስታሏን አነሳች። «ቁጥር የለኝም። ስትፈልገኝ መጥተህ በር አንኳኳ።»