ወይዘሮ ጤናዬ ካሳ አላውቅም

እትዬ ጤናዬ ጋሽ ጎሹን ይቅር አለችው ይባላል። ወሬው አሶሳን ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ለመዞር ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ ባምባሲ ሲደርስ ደግሞ ቀንድና ጭራ አብቅሎ ነበር። በጎሹ ልጅ ሠርግ ላይ አልቅሳለች፣ የጎሹን ትከሻ ስማለች፣ «ወንድሜ» ብላዋለች፣ አሁንም በየቀኑ ቤቷ እየጠራች ታጫውተዋለች አሉ።

ለማመን ይከብዳል። እትዬ ጤናዬን ለሚያውቅ ሰው፣ ዝሆን ቀርከሃ ላይ ወጥቶ ሲወዛወዝ አየን ቢሉት ይቀለዋል። ይህች ሴት ዕድሜዋን በሙሉ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስትጠብቅ የኖረች ናት። መጽሐፍ ወስዶ ያልመለሰ ተማሪ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ በር ላይ ጠብቃ «የጂኦግራፊው መጽሐፍስ?» የምትል ናት። አንዱ ባለዕዳ ካማሺ ሄዶ ሥራ የያዘው መንገዱ ስለሚያስቸግር አትከተለኝም ብሎ ነው። ተከተለችው። መጽሐፉም መጣ፣ ሽፋኑ ባይኖረውም።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትጠብቀው የሰው ዘር ነው። ሰላምታዋ «እንደምን አደርክ» ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» ሆነ። አባትህን ስትነግራት አያትህን ትጠይቅሃለች፤ አያትህን ስትነግራት ቅድመ አያትህን እሷው ትነግርሃለች፣ ከነጠባዩ። በሰፈራ ጊዜ የተቆረቆሩትን መንደሮች፣ አምባ እያልን በቁጥር የምንጠራቸውን፣ የምታያቸው እንደ መደርደሪያ ነው። «እሱ የአምባ አሥራ አራት ልጅ ነው፤ ከተማ የተቀመጠው በስህተት ነው» ትላለች፣ ቦታው ባልሆነ መደርደሪያ የተሰካ መጽሐፍ እንዳየ ሰው ፊቷን ቋጥራ። ሁሉንም የያዘችው በቃሏ ነው። ወረቀት አታምንም፤ ለዚህም ምክንያት አላት።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰፋሪዎች ከወሎ ተጭነው ሲመጡ እሷ ልጃገረድ ነበረች። እሷና አባቷ የተሳፈሩት በተለያየ መኪና ነው። አሶሳ ስትወርድ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚመዘግበው ሰው ስሟን ጻፈ፣ የአባቷን ስም ጻፈ፣ ከዚያ ቀና እንኳ ሳይል «አያት?» አላት። በዚያ ሁሉ ለቅሶና የመኪና ጩኸት መካከል እሷ የሰማችው «አባት?» የሚለውን ነው። አባቴ የት እንደወረደ እየጠየቀኝ ነው ብላ አሰበች።

«አላውቅም» አለች።

ሰውየው ጻፈው። አያቷ ይመር የሚባሉ፣ አገር የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ፤ መንግሥት ግን አላውቅም በሚባሉ አያት ተካቸው። ለማስተካከል ስትሄድ አያትሽን የሚያውቁ ምስክሮች አምጪ ተባለች። ምስክሮቹ ወሎ አፈር ውስጥ ናቸው። እናም የተማረችው፣ የተቀጠረችው፣ ደመወዝ የበላችው ጤናዬ ካሳ አላውቅም ተብላ ነው። አባቷን ፍለጋ ከአምባ አምባ ስትዞር ኖረች። የራሷን አባት እስከ ዛሬ አላገኘችም፤ የሌላውን ሰው ሁሉ አባት ግን ይዛ ተመለሰች።

ጋሽ ጎሹ በዚህ መሀል ርዕሰ መምህር ሆኖ መጣ። እሱም የሰፈራ ልጅ ነው፤ ስለ ዘሩ ሲያወራ ግን ከደጃዝማች በታች ወርዶ አያውቅም። ጎሹ ማለት ማይክራፎን ከሚያጣ ምሳውን ቢያጣ የሚመርጥ ሰው ነው። ሲናገር የማንጎ ዛፍ ጥሬውን ያረግፋል። በየስብሰባው ሌላውን ሠራተኛ በስሙና በአባቱ ስም ይጠራና፣ እሷ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ «ወይዘሮ ጤናዬ ካሳ… አላውቅም» ይላል። አዳራሹ ይስቃል። ተማሪዎቹ «እትዬ አላውቅም» ማለት ጀመሩ። እሷ ዝም። የቤተ መጻሕፍት ሰው ዝም ማለት ሥራው ነው።

በጡረታ ሽኝቷ ዕለት ደግሞ ባሰበት። በወርቃማ ቀለም ሙሉ ስሟ የተጻፈበት ሰርተፊኬት አስጨብጧት ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እንግዲህ» አለ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ቤተ መጻሕፍታችንን የጠበቁት አላውቅም ናቸው። ተማሪዎቻችን ለምን እንደማያውቁ አሁን ገባችሁ?»

ሰዉ እስኪያነባ ሳቀ። እትዬ ጤናዬ እጅ ነስታ፣ ሰርተፊኬቷን ይዛ ቤቷ ገባችና የውኃ በርሜሏን ከደነችበት። ልክክ አለ። በማግስቱ ተነስታ የጎሹን ዘር መቁጠር ጀመረች። ወሎ ስልክ ደወለች። አንድ የጎሹ አባት አብሮ አደግ ደብረ ዘይት አሉ ሲሏት፣ የወንበራውን ደብረ ዘይት ማለታቸው ነው፣ እዚያ ድረስ ሄደች። ሰው ለጠበል የማይሄደውን መንገድ እሷ ለበቀል ሄደችው። ጎሹ የአያቱን አባት ስም ሳያውቅ እሷ የአያቱን አባት የእግር አጣጣል ታውቅ ነበር። አወቀችና ቁጭ ብላ ጠበቀች።

የጎሹ ልጅ እዩኤል የአቶ ምንይችልን ልጅ አይናለምን ወደደ። ሽማግሌ ተላከ። ምንይችል ገበሬ ነው፣ በሬውን እንኳ ዘሩን ሳይጠይቅ አይገዛም። «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም» አለ። ግትርነት ብቻ አልነበረም። ሁለቱም ቤተሰብ ከአንድ አካባቢ የተጫነ ነው። በዚያ ግርግር ወንድምና ወንድም የተለያየ አምባ ወርደው የቀሩበት ጊዜ አለ፤ ከነሱ ማዶ ባለው አምባ ከቀለበት በኋላ የአጎት ልጆች ሆነው የተገኙ እጮኛሞች ነበሩ። እዚህ አገር ደግሞ ሰባት ቤት የሚቆጥር አንድ ሰው ብቻ አለ።

ጎሹ ራሱ መምጣት አቃተውና ጎረቤቷን ሐመድን ላከ። ሐመድ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ማንጎ ጥላ ሥር ሻይና ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ መጠጥ፣ ይሸጣል፣ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፣ ምላሱ ግን ምላጭ ነው።

«ጤናዬ፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ ድንጋይ ነህ? ወላሂ፣ ልጆቹ ምን በደለ?»

«ድንጋይ ብሆን ጎሹ ላይ እወድቅ ነበር።»

«እሱን ተወው። የምንይችል ቤት ና ብቻ።»

«መምጣቱን እመጣለሁ» አለች። ሐመድ ተሳካልኝ ብሎ ሄደ። እንዴት ባለ ደስታ እንደተቀበለችው ልብ ቢል ኖሮ አይሄድም ነበር።

በቀጠሮው ቀን የሥራ ጋዋኗን ለብሳ መጣች፣ ሰማያዊውን፣ ተተኩሶ። ሽማግሌዎቹ ተነሱላት። ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህት ጤናዬ፣ እስቲ የአቶ ጎሹን ሰባት ቤት ቁጠሪልን።»

«አላውቅም።»

ጎሹ ብድግ አለ።

«እንዴት አያውቁም? የድመቴን አያት ሳይቀር ያውቃሉ እኮ።»

«ድመትዎ የደህና ቤተሰብ ልጅ ናት። የእርስዎን ግን አላውቅም። ከፈለጉ ስሜን ይጥሩት፣ መልሱ እዚያ ላይ አለ። ደግሞስ ርዕሰ መምህር እያሉ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ምን ያደርጋል? ይቁጠሩልን።»

ጎሹ ተበሳጨ፤ ሲበሳጭ ደግሞ ደረቱ ይነፋል። «እኔ ጎሹ። አባቴ በላቸው። አያቴ ተሰማ። ቅድመ አያቴ…» አለና ቆመ። ቆመ ስል የአሶሳ መብራት እንደሚቆመው ነው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። «ቅድመ አያቴ ደጃዝማች…»

«ደጃዝማች ማን?» አለ ምንይችል።

«ደጃዝማች…»

«ደጃዝማች ሹመት ነው፣ ስም አይደለችም» አለ ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጠው ሐመድ።

ጎሹ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። በር ላይ አይናለም ከእናቷ ከእየሩስ ጎን ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ልጁ እዩኤል አባቱን ያያል። ምንይችል እጁን አጣጥፎ ቁርጡን እየጠበቀ ነው፤ እምቢ ካለ እምቢ አለ። ጎሹ መሬት መሬቱን እያየ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለች እትዬ ጤናዬ። «ሐመድም ጆሮው ደከም ብሏል።»

«አላውቅም» አለ ጎሹ።

«ማይክራፎን ይምጣልዎት?»

«አላውቅም አልኩ። ቅድመ አያቴን አላውቅም።»

አጥር ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች «አላውቅም» እያሉ ተቀባበሉት። ሽማግሌ ነን ያሉትም በጋቢያቸው ስር ሳቁ። እትዬ ጤናዬ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ አንዲት ፍሬ ሳቅ እንድትባክንባት አልፈለገችም። ከዚያ ወደ አይናለም ዞረች። አይናለም ስትማር የተዋሰችውን መጽሐፍ በቀኑ፣ ጫፉን ሳታጥፍ የምትመልስ ልጅ ነበረች። በእትዬ ጤናዬ ዓለም ከዚህ በላይ ቅድስና የለም።

«ለአንቺ እቆጥራለሁ» አለቻት።

ቆጠረች። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት እያለች፣ እያንዳንዱን ከነመንደሩ፣ ከነሚስቱ አወረደችው። ደጃዝማች በዘሩ ውስጥ አልተገኘም፤ የደጃዝማች በቅሎ የሚያበላ ግን ተገኘ፣ እሱም በቅሎዋ ረግጣው ያነክስ ነበር። የምንይችልንም እንዲሁ ቆጠረች። ሁለቱ ዘሮች የትም አልተገናኙም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ምንይችል ልጁን ሰጠ፣ የሠርጉ ቀን እዚያው ተቆረጠ።

ጎሹ ግን አልተንቀሳቀሰም። አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ ነበር፤ ይህን ሁሉ አያት ከየት እንዳመጣው ግራ ገብቶት።

«የሰባተኛው አባትስ?» አለ በቀስታ። «ስምንተኛው ማን ነበር?»

«የተጠየቅኩት ሰባት ነው» አለችና ጋዋኗን አስተካክላ ወጣች።

ሠርጉ ተደገሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ጎሹ ግን እንቅልፍ አጣ። ሰባት አያት ያገኘ ሰው ያለ ስምንተኛው መኖር እንደማይችል ማን ያውቅ ነበር? ደጃዝማቹ ስምንተኛው ላይ ይኖር ይሆናል እያለ በየማለዳው እትዬ ጤናዬ ደጅ ይሄዳል። የሚያልፈው ሰው አብረው ያያቸዋል። ወሬው የተወለደው ከዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ጤናዬ ሐመድ ዘንድ ከርከዴዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ ሐመድ ራሱ አነሳው። ወንበሮቹ ሞልተው ነበር፤ ሁሉም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጤናዬ፣ ጎሹን ይቅር አለው ይላሉ። ሠርጉ ላይ አለቀሰ፣ ትከሻውን ሳመው፣ ወንድሜ አለው ይላሉ። ኸላስ፣ በቃ፣ ታረቀ ይላሉ።»

እሷ ከርከዴዋን ጠጥታ ጨረሰች።

«ይቅር አላልኩትም» አለች። «ሠርጉ ላይ አላለቀስኩም፤ ሁለት ጊዜ ጥብስ አስጨምሬ በላሁ እንጂ። ትከሻውን አልሳምኩም። ወንድሜ አላልኩትም፤ የእኔን ወንድሞች ቆጥሬ ጨርሻለሁ፣ እሱ የለበትም። ቤቴም አልጠራሁትም። ራሱ ነው የሚመጣው፣ ደጅ ነው የሚቆመው፣ ስምንተኛውን ሳይሰማ ነው የሚመለሰው። ነገም ቢመጣ እንደዚያው ነው። ያወራችሁት አንድም እውነት የለበትም።»