አቶ ጉዳዩ የጣለው የቤት ኪራይ

በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ስለሚጽፍ፣ የሚጽፈውም ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ ስለሚጀምር፣ ግቢያችን ውስጥ «አቶ ጉዳዩ» አልነው። እሱም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ማዕረግ መስሎት ደረቱን ነፋ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ከእሱና ከሚስቱ ክፍል የሚለየኝ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። የምነግራችሁን ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገሚሱን ግድግዳው ነግሮኛል።

አቶ ጉዳዩ የማይመክርበት ነገር አልነበረም። ለአራስ ስለ ማጥባት፣ ለሹፌር ስለ መሪ፣ ለእኔ ስለ ምላጭ ይመክራል። ስለ ገንዘብ አያያዝ ከተነሳማ ቁጭ ብሎ መናገር አይሆንለትም፤ ብድግ ይላል። ገንዘቧን በመሀረብ ቋጥራ የምትሸጉጥ ሴት፣ ካልሲው ውስጥ የሚከት ወንድ፣ ለእሱ ሁሉም ኋላ ቀር ናቸው። እሱ ቁልፍ ያለው የቆዳ ቦርሳ ገዝቷል። በማን ገንዘብ? በሚስቱ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውላል። የእሱ ብዕር የሚንቀሳቀሰው ደንበኛ ሲገኝ ነው፤ ምላሱ ግን እሁድም አያርፍም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

አከራያችን ኪራይ የምትቀበለው የሁለት ወሩን ባንዴ ነው፤ እሱም ባንክ እንዲገባላት ትፈልጋለች። አንድ የመክፈያ ቀን ልብስ ሰፊዋ ገንዘቡን በፖስታ አድርጋ ልትወጣ ስትል አቶ ጉዳዩ ከበሩ መለሳት።

«ይኼን ያህል ገንዘብ ይዘሽ ብቻሽን? አምጪው። ቦርሳው ለምን ተገዛ?»

ሰጠችው። ከረባቱን አስሮ አውቶቡስ ላይ ወጣ። አጠገቡ የተቀመጠው ጎልማሳ የውርስ ክርክር እንዳለበት ሲናገር ሰማ፤ በቃ! ቦርሳውን ጭኑ ላይ ከፍቶ፣ ዳኛ አስለቅሷል የሚለውን የአንድ ማመልከቻ ግልባጭ እየገለጠ ያነብለት ጀመር። ጎልማሳው «ግሩም ነው ጋሼ!» እያለ ሁለት ፌርማታ አደመጠና ወረደ። አቶ ጉዳዩም ባንክ ደርሶ መስኮቱ ፊት ቦርሳውን ሲከፍት፣ ማመልከቻዎቹ አንድም ሳይጎድሉ አሉ፤ ፖስታው የለም። ሰውየው ሰርቆት ይሁን፣ ራሱ ወረቀት ሲያገላብጥ ጥሎት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያን ቀን ከሰዓት ክፍሌ ነበርኩ።

«ፖስታውስ?» አለች ሚስቱ።

«መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንድትረጂልኝ...»

«ገንዘቡን አስገባህ ወይስ አላስገባህም?»

«ጠፍቷል። ለነገሩ ጥፋቱ ያንቺም ነው። ፖስታ ያዳልጣል። በላስቲክ ብታስሪው ኖሮ...»

የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«ለመሆኑ ቦርሳውን ቆልፈኸው ነበር?»

«ቆልፌዋለሁ እንጂ!»

«መቼ?»

«ከአውቶቡስ ከወረድኩ በኋላ።»

አላለቀሰችም። በማግስቱ ግን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ወደሆነው ታላቅ ወንድሙ እንዲበደር ላከችው። ወንድም ጋሼ ከሚስማርና ከቀለም መሀል አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ መከረው። አቶ ጉዳዩ በሕይወቱ ምክር ሲቀበል ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ እንዴት እንደሚያንገፈግፍ ያኔ ሳይገባው አልቀረም። በመጨረሻ ወንድሙ ገንዘብ ያወጣ መስሎት እጁን ሲዘረጋ፣ የሱቁን ካላንደር ጠቅልሎ አስያዘው። «ቀን መቁጠር ልመድ» አለው። ይኼ ነው እንግዲህ የእናት ልጅ።

ሲመለስ በሩን ዘግቶ መጻፍ ጀመረ። ሁለት ገጽ ማመልከቻ ለአከራያችን። እሷም መነጽሯን አጣችና እኔን ጠራችኝ።

«አንተ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ ምንድነው የሚለው?»

ግቢው መሀል ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ብሎ እንደነበር አልክድም። «ጉዳዩ፦ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተሰወረ የቤት ኪራይን ይመለከታል» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ታማኝነቱ ነው። በሁለተኛው ገጽ ጥፋተኞቹ የመንገዱ ጉድጓድ፣ የአውቶቡሱ ወንበርና የፖስታው ወረቀት ሆኑ። ከፊርማው ሥር «ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሏል።

«እና መቼ ነው የሚከፍለኝ?» አለች አከራያችን።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። የትም ቦታ አልተጻፈም።

ይኼኔ ልብስ ሰፊዋ ክር ከቀሚሷ ላይ እየለቀመች ወጣች። «እትዬ፣ ገንዘቡ ጠፍቷል። ሲሶውን የፊታችን ቅዳሜ፣ ሲሶውን በወሩ፣ የቀረውን ከዚያ በወሩ እሰጥዎታለሁ።»

«መተማመኛሽስ?»

«የስፌት መኪናዬ። ካልከፈልኩ ይውሰዱት።»

አከራያችን መኪናውን በክፍት በር አሻግራ አየችው። ዓይኗ እንዴት እንዳረፈበት እኔ አይቻለሁ፤ ባትከፍላት ብላ ሳትመኝ አልቀረችም። «እሺ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ገብታ መጀመሪያ የሸጠችው ያንኑ የቆዳ ቦርሳ ነው፤ በተገዛበት ግማሽ ዋጋ። ቀጥላ ከአንድ ክሊኒክ የስልሳ ገዋን ሥራ ተቀበለችና ቀብድ ይዛ መጣች። የቅዳሜው ሲሶ በዚህ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ሻይ ያለ ስኳር ሆነ፤ ሥጋ ከቤቱ ወጣ፤ አቶ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤቱ ጃንጥላውን ታቅፎ በእግሩ መኳተን ጀመረ። ቤት ሲገባ ደግሞ ሥራ ይጠብቀዋል።

«ቁልፍ ትተክላለህ» አለችው፤ የገዋኑን ቁልፎች ማለቷ ነው።

«እኔ? እኔ እኮ የብዕር ሰው ነኝ።»

«በብዕር ያጣኸውን በመርፌ ፈልገው።»

ከረባቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ገዋኖች ቁልፍ በተቃራኒው ወገን ተከለው። እሷ ሁሉንም በምላጭ ፈታ መለሰችለት። ሁለተኛ አልተሳሳተም። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ስልሳኛው ላይ ሲደርስ እጁ ተፍታቶ ነበር፤ አፉም ክር ስለሚነክስበት ለጥቂት ሳምንታት ሰላም አገኘን።

የግቢው ሰውማ «አይዞሽ» ሲላት ከረመ። አይዞሽ ኪስ አይቀድም። የመጣው ሁሉ ወንበር ስቦ፣ ታሪኩን ከባሏ አፍ ሰምቶ፣ ሳቁን ውጦ ይወጣል። እኔስ? እኔም «አይዞሽ እህቴ» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ፍራሼ ሥር የማልቸኩልበት ገንዘብ ነበረኝ። ያላበደርኳት ባሏ ስለ ምላጬ ስለመከረኝ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እሷ ግን በምን አስቀይማኝ ታውቃለች? ሰውየውን ስንንቅ ሴትዮዋን ረሳናት፤ ለንቀትማ ማን ብሎን!

የመጨረሻውን ሲሶ በቀጠሮዋ ቀን፣ እስከዚያ ከተጠራቀመው የሁለት ወር ኪራይ ጋር አስገብታ የባንኩን ደረሰኝ ለአከራያችን አመጣችላት። አከራያችን ደረሰኙን አጣጥፋ ከያዘች በኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኑሮ ተወዷል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ ላይ ጭማሪ አለ» አለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። አቶ ጉዳዩ ወዲያው ወረቀት ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ሚስቱ እጁን ያዘችው።

አልተከራከረችም። በሳምንቱ መንገድ ዳር፣ አቧራና ጩኸት ስላለበት ርካሽ የሆነ፣ ግን የሰፋችውን ልብስ የምትሰቅልበት መስኮት ያለው ክፍል አገኘች።

ማክሰኞ ጠዋት ዕቃቸውን ፒካፕ ላይ ሲጭኑ የስፌት መኪናውን በአንድ በኩል ያዝኩላት። ከበደኝ። እሷ ጭነቱ ላይ ወጥታ መኪናውን በሁለት እጇ ደግፋ ተቀመጠች። አቶ ጉዳዩ ጋቢና ገብቶ ነበር። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጣቱን ወደ ፊት ቀስሮ ለሹፌሩ መንገዱን ያስረዳዋል። አዲሱን ቤት ግን እሱ እስከዚያች ቀን ሄዶ አላየውም ነበር።