ሲስተርና ባለ አራት ፒስተኑ ፍሬን

ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያ መርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት ጡረታ ስትወጣ፣ ሰው ሁሉ የጠበቀው ቤቷ አርፋ ትቀመጣለች ብሎ ነበር። ሰፈሩ "ሲስተር" የሚላት ይህቺ ሴት ግን ማረፍ አይሆንላትም። ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር ባለ ኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ገዛች። ከዚያ ወዲህ ዳገቱ ላይ የሚኖሩትን አቅመ ደካሞች ቤት ለቤት እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ የደም ግፊት ትለካለች፣ መንገዷን ደግሞ የዚህን ቤት ወሬ ለዚያኛው ታደርሳለች።

"ዳገቱን ባትሪው ይገፋልኛል" ትላለች። "እኔ ፔዳሉን እያባበልኩ እከተላለሁ።"

ችግሩ ቁልቁለቱ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአንድ ሽማግሌ መምህር የቆሰለ እግር አሽጋ ስትወርድ፣ የቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የፊቱ ፍሬን ከዳት። እጀታውን ብትጨብጠው መሪው ድረስ ይመጣል እንጂ ብስክሌቱ ደንታም አልሰጠው። የኋላውም ቢሆን የተቃጠለ ሽታ እንጂ ጉልበት አልቀረውም። ከፊቷ ግንበኞች ያራገፉት የአሸዋ ክምር ታያት፤ ዓይኗን ጨፍና ወደዚያው ነዳችው።

ግንበኞቹ አካፋቸውን ጥለው ሲደርሱ አሸዋው እስከ ጉልበቷ ውጧታል። መጀመሪያ ያየችው ቦርሳዋን ነው። የመድኃኒት ጠርሙሶቹ አንዳቸውም አልተሰበሩም። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ አሸዋ እየተፋች ሳቀች፣ ግንበኞቹም አብረው።

ባለቤቷ ግን አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ በፍሬን ነገር ቀልድ አያውቅም።

"ከእንግዲህ በዚህ ነገር ላይ አትወጪም" አለ።

"እሺ፤ ፍሬን ካልተቀየረለት አልወጣም።"

በማግሥቱ ሁለቱም ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ሄዱ። ጠጋኙ በልጅነቱ እሷው የከተበችው ጎልማሳ ነው፤ እስከ ዛሬ ሲያያት ክንዱን ያሻል። ጎማውን አሽከርክሮ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ሲስተር፣ ይሄ ፍሬኑ የሚጨብጠው ዲስክ ለቀላል ብስክሌት የሚሆን ነው። የእርስዎ ደግሞ ከነሞተሩ ከነባትሪው የጥጃ ያህል ይከብዳል። ቁልቁለት ላይ ይግላል፣ ሲግል ይሰንፋል። ሰፋ ያለ ዲስክና በአራት ፒስተን ጨብጦ የሚይዝ ፍሬን ያስፈልግዎታል። ግን እስከ ሳምንት ሥራ በዝቶብኛል።"

"ዕቃውን ስጠን" አለ ባለቤቷ። "እኔ እገጥመዋለሁ።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ አውቶቡስ አይደለም።"

"ሰማንያ ሰው ጭኜ ሳቆም የኖርኩ ሰውዬ አንዲት ሚስቴን ላቁም ብል ያቅተኛል?"

ጠጋኙ ተሸነፈ። ዲስኮቹን፣ ፍሬኖቹን ከነቱቧቸው፣ ትርፍ የፍሬን ሸራ፣ በትንሽ ጠርሙስ የፍሬን ዘይትና ሁለት ሲሪንጅ ጠቀለለላቸው። ከዚህ ዘይት ሌላ እንዳይገባ፣ ዲስኩንም በቅባት እጅ እንዳይነኩት አደራ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሥራ ተጀመረ። ባለቤቷ እያፏጨ ብሎኖቹን ፈታ፣ አዲሶቹን ዲስኮች አሰረ፣ ፍሬኖቹን ገጥሞ ቱቦዎቹን ዘረጋ። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ስታይ፣ እንደዚህ ሲያፏጭ ከሰማችው ስንት ጊዜ እንደሆነ አሰበች። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም። ብስክሌቱ ቢሰበርም ባይሰበርም ልታቋርጠው አልፈለገችም።

ጎማውን አሽከርክሮ ፍሬን ሲይዝ ግን ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ጩኸት ወጣ። ጎንበስ ብላ ዲስኩን አየችው።

"ይሄ አሻራ የማን ነው?"

"ፖሊስ ሆንሽብኝ?"

"ቅባት ነው። አውራ ጣትህን እኔ አውቃታለሁ።"

ከቦርሳዋ አልኮልና ጥጥ አወጣች። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ዲስኩን እንደ ቁስል ዙሪያውን ጠረገችው፤ ቅባት የነካውንም ሸራ በትርፉ አስቀየረችው። ጩኸቱ ጠፋ። እጀታው ግን አሁንም እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል።

"ቱቦው ውስጥ አየር አለ" አለ ባለቤቷ፤ ከጓዳ አንድ የቆየ የአውቶቡስ ፍሬን ዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። "ይሄ ስንቱን አውቶቡስ አቁሟል።"

ተቀብላው ጽሑፉን አነበበች፣ የጠጋኙንም ጠርሙስ አነበበች፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ክዳኑ ሳይከፈት መለሰችለት።

"ያላነበብኩትን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ለብስክሌትም አልሰጥም። በል አሁን ቦታ ልቀቅልኝ፤ አየር ማስወጣት የኔ ሥራ ነው።"

አንዱን ሲሪንጅ ከታች፣ አንዱን ከላይ ሰካች። ጨብጥ ስትለው ይጨብጣል፣ ልቀቅ ስትለው ይለቃል። ሰማንያ ተሳፋሪ ያላዘዘው ሰው እንደ ተማሪ ታዘዘ። ቱቦውን በጥፍሯ ጠቅ ጠቅ ስታደርገው አረፋዎቹ ተራ በተራ እየተንሳፈፉ ወጡ፤ መጨረሻ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አንዲት ብቻ ቀረች። እሷንም አባብላ አወጣቻት። የኋላውንም እንዲሁ።

ባለቤቷ እጀታውን ጨበጠ። ለቀቀው፤ እንደገና ጨበጠ።

"በአርባ ዓመት እንዲህ ያለ ፍሬን ይዤ አላውቅም" አለ ዝግ ብሎ። የእሷ ፊት በራ።

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪላመዱ ሃያ ጊዜ ፈጠን እያሉ ፍሬን መያዝ ያስፈልጋል። መንገድ ላይ ወጥታ ስትመላለስ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ቆጠረላት፤ አሥራ ሁለት ላይ ተሳስቶ እንደገና ከአንድ ጀመረ። እሷም አልከፋትም። ብስክሌቱ በሁለት ጣት እየቆመላት፣ እንዲህ እየበረረች መዋል ትችል ነበር።

ስትመለስ ባለቤቷ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ የሱሪውን እግር በካልሲው ውስጥ እየከተተ ነው። ብስክሌቱ ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን ወጥቶበት አያውቅም።

"እስቲ አውርጂልኝ ኮርቻውን" አላት። "እስከ ማዞሪያው ብቻ።"

እስከ ማዞሪያው ብቻ ብሎ ሄደ፤ ሲስተር ግን ምሳውን ሁለት ጊዜ አሞቀችው።