የዋንዛው እግር

እኛ ሰፈር ሰኔ ሲገባ ሰው ሁሉ አካፋ ያነሳል። ቤታችን ከወረታ ታችኛው ጫፍ ነው፤ ከጓሯችን ወዲያ የፎገራ ሜዳ ይጀምራል። የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሐይቅ ይሆንና ውሃው ሳይቸኩል፣ እንደ እንግዳ፣ እስከ ደጃፋችን ይመጣል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይጠና በጋሪ አፈር እናስመጣለን፤ ከግድግዳው ሥር ዙሪያውን እንከምራለን፣ በእግራችንም እንጠቀጥቀዋለን። ያን ያላደረገ ሰው ነሐሴ ላይ አልጋውን በድንጋይ ላይ ሰቅሎ ይከርማል።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይኸን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከባድ መኪና ሲያልፍ እደነግጣለሁ፣ መብረቅ ሲበርቅ ከበሩ ኋላ እገባለሁ፣ ልጄ ከሥራ ትንሽ ከዘገየች አስፋልቱ ዳር ወጥቼ እቆማለሁ። ፈሪ ሰው ደግሞ መከመር ይወዳል። የቤቱን ስጨርስ ለዶሮዎቹ፣ የዶሮዎቹን ስጨርስ ደጃፌ ላይ ለቆመው ዋንዛ እከምር ነበር።

ሙሽራ ሁኘ ስመጣ ይህ ዋንዛ የእኔን ቁመት ያህል ነበር። ማንም አልተከለውም፤ ወፍ የጣለችው ፍሬ ከአጥር ሥር በቅሎ ነው። መንገዱ ሲሰፋ አጥሩ ፈረሰ፣ እሱ ግን ቀረ። ዛሬ ሻይና የሩዝ ዱቄት የገባበት ዳቦ የምሸጠው ከእሱ ጥላ ሥር ነው። ባጃጆች ተራ የሚይዙት፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው ሰው መኪና የሚጠብቀውም እዚያው ነው። የሚያዝያ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣራችንን ሲያግለው እኛን የሚያተርፈን እሱ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ባለውለታ በየዓመቱ አንድ ጋሪ አፈር ባለብሰው ምን ይገርማል? ከምሬ፣ ጠቅጥቄ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ደርድሬ ስጨርስ አላፊው አግዳሚው፣ ዛፍሽን እንደ ልጅ ያዝሽው ይለኛል። እኔም ደስ ይለኛል።

ከዚያ ጫፉ መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ቅጠሉን ጣለ፣ በዓመቱ ሌላው ተከተለው። እኔ ውሃው ነው ብዬ አፈሩን ጨመርሁለት። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ አንዱ የደረቀ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ተራ ይዛ በቆመች ባጃጅ ጣራ ላይ ወደቀ። ባለ ባጃጁ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነበር። ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ጣራው አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ «እትየ፣ ሻይሽ ነፍስ ያድናል» አለኝ። ሌሎቹ ሣቁ። እኔ ግን እስኪመሽ ድረስ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፎቹ ሳይ ዋልሁ።

በሳምንቱ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ዋንዛውን ዞረው አዩትና ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ይቆረጣል ማለት ነው። እውነታቸውን ነበር፤ ሰው ከሚሞት ዛፍ ቢቆረጥ ይሻላል። እኔም ይኸን እያወቅሁ ዳቦዬን በመሶብ ክዳን ሸፍኜ ዘወር ብዬ አለቀስሁ።

አሁን ስለ ልጄ መናገር አለብኝ። ልጄ ባሕር ዳር ሁለት ዓመት ተምራ የመጣችው የከተማ ዛፍ አያያዝን ነው፤ ሥራዋም እዚሁ ከተማችን የመንገድ ዳር ዛፎችን መንከባከብ ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሣቄ አመለጠኝ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ ግን ዛፍ እንደ ጤፍ አይታረም፣ እንደ ላም አይታለብ፣ ምኑ ነው ትምህርት የሚፈልገው አልኋት። እሷም የዱር ዛፍን ማንም አይነካውም፣ የከተማን ዛፍ ግን ሁሉም ይነካዋል አለችኝ፤ አንዱ ምስማር ይመታበታል፣ አንዱ ሽቦ ያስርበታል፣ አንዱ የፈላ እጣቢ ይደፋበታል። የመጨረሻውን ስትናገር የሻይ ማንቆርቆሪያዬን እያየች ነበር።

ቀይ ምልክቱን ያየች ዕለት ምሳዋን ሳትበላ ወደ አለቃዋ ሄደች። ምን እንዳለችው ስትመለስ ነገረችኝ። እስከ ኅዳር ይታገሱኝ፣ የደረቀውን እኔ አወርደዋለሁ፣ ሰው ላይ የሚወድቅ ነገር አይኖርም፤ ኅዳር ላይ አዲስ ቀንበጥ ካላወጣ ግን በገዛ እጄ እቆርጠዋለሁ ብላዋለች። አለቃዋም እሽ ብሏታል። እኔ ደግሞ ከዛፉ ይልቅ ለእሷ ፈራሁ። ገና ዓመት ያልሞላት ሠራተኛ፣ በሰው ፊት ቃል ሰጥታ ቃሏ ቢከሽፍ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማታል?

ግንቦት ላይ አንድ ሰኞ ጧት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር መጣች። መጋዝም ገመድም ይዘዋል። እሷ ግን ቀና ብላ ቅርንጫፉን አላየችም፤ ግንዱ ሥር ተንበረከከች። መዳፏን ግንዱና አፈሩ የሚገናኙበት ላይ አሳረፈች። ከዚያ ያንን የደረደርሁትን ድንጋይ ማንሳት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኋት።

«እግሩን እየፈለግሁ ነው፣ እማየ።»

ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲነካ እንደ ቀሚስ ጫፍ ሰፋ ይላል፤ ሥሮቹ ወደየአቅጣጫው ሲነሱ ይታያሉ። የእኛ ዋንዛ ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ነበር መሬት የገባው። ሃያ ዓመት ከሥሩ ስቀመጥ ይኸን አላየሁም። ዶማ ሥሩን እንዳይቆርጠው ብላ በእጇ፣ በቀጭን እንጨትና በውሃ እያለሰለሰች ቆፈረች። መጀመሪያ የአምናው አፈር ወጣ፣ ከዚያ የካቻምናው። ቀለማቸው ይለያያል፤ ጋሪው አፈሩን ከየት እንዳመጣው እኔ አውቀዋለሁ። አንዱ ከድልድዩ ማዶ፣ አንዱ የፈረሰ ቤት ጭቃ። ክርኗ እስኪጠልቅ ወረደች። በመጨረሻ የግንዱ ቅርፊት ጠቁሮና ረጥቦ፣ ውሃ ውስጥ እንደከረመ ጣት ሁኖ ታየ። አንድ ቀጭን ሥርም ከላይ ከከመርሁት አፈር ውስጥ በቅሎ ግንዱን እንደ ገመድ ተጠምጥሞታል።

«ማነው እንዲህ የከመረበት?» አለ ባልደረባዋ፣ ሳያውቅ።

ባለ ባጃጁ በጎን አየኝ። ከእሱ በፊት ልናገር ብዬ፣ እኔ ነኝ አልሁ። ልጄ ቀና አላለችም። ውሃው እንዳይጎዳው ብዬ ነው፣ ለቤቱም እንዲሁ ነው የምናደርገው አልኋት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። «እማየ፣ ቤት ውሃ ሲገባው ይፈርሳል። ዛፍ ግን ውሃው መጥቶበት ይሄዳል። አፈሩ ነው የማይሄደው። ሥር ይተነፍሳል እኮ፤ አንቀሽው ነበር።»

ከዚያ ፊቴን አየችና ሣቀች። «ግን ደግሞ እንዳንች አድርጎ ያነቀ ሰው የለም፤ በድንጋይ አስጊጠሽ።»

ሁሉም ሣቀ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሣቅሁ። የተጠመጠመውን ሥር በመሮ ቀስ አድርጋ ቆረጠችው፤ የወጣውን አፈር እኔው ራሴ በአካፋ ወደ ቤቱ ግድግዳ ወሰድሁት። ለሰኔ የሚሆን አፈር ያን ዓመት አልገዛንም።

በማግሥቱ ጧት ዛፉ ላይ መውጣቱ መጣ። እኔ ለቁስሉ ብዬ እበት በአመድ አቡክቼ በባልዲ አዘጋጅቼ ነበር። አያስፈልግም አለች፤ ዛፍ ቁስሉን ራሱ ይዘጋል፣ ከተለሰነበት ውስጡ ይበሰብሳል። ዋናው አቆራረጡ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወለድበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ ነገር አለ፤ እሱን ከነኩት አይድንም፣ ርቀው ጉቶ ካስቀሩበትም ይበሰብሳል። «እትብት ነው በይኛ» አልኋት። ይኸንን በትምህርት ቤት እንዲህ አድርጎ የነገራቸው እንደሌለ፣ ከእንግዲህ ለሌሎች ስታስተምር እንዲህ እንደምትላቸው ነገረችኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

የራስ ቆቧን ደፋች፣ መታጠቂያዋን አጠበቀች፣ ገመዱን በባላው ላይ ወርውራ ወጣች። እኔ ማየት አልችልም። ሰው እንዳይጠጋ ጠብቂ ብላኝ ስለነበር ጀርባዬን ለዛፉ ሰጥቼ አስፋልቱ ላይ ቆምሁ። ግን የጧት ፀሐይ ጥላዋን ከፊቴ ዘረጋብኝ። ልጄ በጥላዋ ከመንገዱ ማዶ ድረስ ረዝማ በቅርንጫፍ ጥላ ላይ ስትራመድ አየሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ፤ መልሼ ገለጥሁ። ከመጨፈኑ ማየቱ ቀለለኝ።

«እትየ» አለኝ ባለ ባጃጁ፣ «ልጅሽ ከዚያ ላይ ሁና ሐሙሲት ከተማ ማን እንዳለ አይታ ልትነግረን ነው።»

«እሷ እስክትነግርህ አንተ ባጃጅህን አርቅ» አልሁት። «ያ ጣራ ሌላ ቅርንጫፍ አይችልም።»

ከላይ ሣቋን ሰማሁ። ሥራ ላይ ሁና የሚስቅ ሰው አይወድቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ትገዘግዛለች፣ ቅርፊቱ ተገንጥሎ ግንዱን እንዳይልጠው፤ ከዚያ ከላይ። የደረቁት ቅርንጫፎች በገመድ ታስረው አንድ በአንድ ወረዱ። ለምሳ ስትወርድ እግሯ መሬት ሲነካ ዞር አልሁና እጇን ያዝሁ። ላብና የእንጨት ዱቄት ነበር።

ክረምቱ ጠንክሮ መጣ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ረፋዱን ውሃው እስከ ደጃፋችን ደረሰ። ልጄ ሥራ ላይ ናት። የዋንዛው እግር ባዶውን፣ ራቁቱን ውሃ ውስጥ ቆሟል። ከመስኮት አየሁት፣ ተመለስሁ፤ እንደገና አየሁት። የሰው ልጅ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቀር ዝም ይባላል? አካፋዬን ይዤ ወጣሁና አንድ አደረግሁበት። ሁለተኛም ጨመርሁ። ሦስተኛውን ጥዬ ቀና ስል የገዛ ልጄ ቃል ከፊቴ ተደቀነ፤ ኅዳር፣ በገዛ እጄ ያለችው። አካፋውን ወርውሬ፣ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ውሃው ውስጥ ተንበረከክሁና የጣልሁትን በእጄ ዛቅሁት። ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። «አንች ልጅ» አሉኝ፣ «ከዋንዛው ጋር ነው የተጣላሽ ከውሃው?» ከሁለቱም ጋር ታርቄያለሁ አባቴ፣ ከእጄ ጋር ነው የተጣላሁት አልኋቸው። ጋቢያቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሣቁብኝ።

ልጄ ስትመጣ የጥፍሬን ጭቃ አየች።

«ስንት አካፋ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«አወጣሽው?»

«አወጣሁት።»

ጫማዋን ሳታወልቅ አቅፋ ሳመችኝ።

ውሃው በሳምንቱ ሄደ፤ እሷ እንዳለችው። በመስከረም ሻይ እየቀዳሁ ሳለ አንድ የባጃጅ ተሳፋሪ፣ ይህ ዛፍ አሁን ነው እንዴ የሚያቆጠቁጠው አለ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ሄድሁ። ደርቆ ከነበረው ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ ከጎኑ፣ የጥጃ ጆሮ የሚያካክሉ ለጋ ቅጠሎች ወጥተዋል። ለልጄ ስልክ ደወልሁ። ምን ሆንሽ ምን ሆንሽ ትላለች። እኔ እስቃለሁ።

ኅዳር ላይ አለቃዋ ቃሉን አክብሮ መጣ። ዋንዛው ነጭ አበባውን ለብሶ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በንብ ይጮሃል። ያ ባለ ባጃጅ ሆነ ብሎ ባጃጁን አምና ቅርንጫፉ ከወደቀበት ቦታ አቆማትና እጆቹን አጣምሮ ተቀመጠ። አለቃዋ ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። ቀንበጡ ከአሮጌው ዛፍ ጋር ምን ያህል ጠንክሮ እንደተያያዘ ማወቅ እፈልጋለሁ አላት። ልጄ ገመዷን አነሳች።

በዚያ ቀን ጀርባዬን አልሰጠሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፍርሃቱ አልቀረም፣ ልቤ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ብቻ ቀና ብዬ አየኋት። እግሯን የምታሳርፍበትን ሳትቸኩል እየመረጠች፣ እኔ ከገበያ ሽንኩርት እንደምመርጥ፣ ወጣች። በረገጠች ቁጥር አበባው ይረግፋል፤ ፊቴ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹ ውስጥ። ከላይ ሁና ቀንበጡን ጎንበስ አድርጋ ለቀቀችው፤ ተመልሶ ቀጥ አለ።

«ይቆይ» አለ አለቃዋ። ሻይ ጠየቀ፤ አበባ የገባበትን ሰጠሁት፣ ሳያወጣው ጠጣው።

ቀይ ምልክቱ እስከ ዛሬ ግንዱ ላይ አለ። ልፋቀው ብዬ ቢላዋ ባነሳ ልጄ ቅርፊቱን ትጎጂዋለሽ ብላ ከለከለችኝ፤ ግንዱ ሲወፍር ራሱ ሰነጣጥቆ ይጥለዋል አለች። እስከዚያው ተሳፋሪው ለምዶታል። ከመናኸሪያ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ባለ ባጃጁን ምልክቱ ጋ አውርደኝ ይለዋል፤ ሲወርድም ከጥላው ሥር እኔ ሻይ ቀድቼ እጠብቀዋለሁ።