ስለ አዲስ ፍሬን የማልሁት መሐላ

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ያም አንድ ሰው አላመነኝም። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ የንስሐ አባት የለኝምና። አሁን ለእናንተ ለአንባቢዎች የምናገረው ስለማምናችሁ አይደለም፤ ቤቴን ስለማታውቁት ነው። ከመጀመሪያው ግን ላስጠንቅቃችሁ፦ ኃጢአቱን ጽፎ የሚያሳትም ሰው ብዙውን ጊዜ ትንሹን አውጥቶ ትልቁን ይደብቃል። እኔንም እንደዚያ ጠርጥሩኝ።

መጠርጠር ሙያዬ ነው። ሰው ሁሉ ያመሰገነውን መጽሐፍ ገና ሳልከፍተው እጠላዋለሁ። ነጋዴ ፈገግ ካለልኝ ሚዛኑን አያለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚለኝን ሰው፣ ምን ቢደብቅ ነው እላለሁ። ይህን ጠባዬን ለብዙ ዓመታት «ማሰብ» እያልሁ ስጠራው ኖሬያለሁ።

አንዷለም በዚህ ጠባዬ መንገድ ላይ የገባ መካኒክ ነው። ጋራዡ እንጅባራ ነበር፣ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ። እኔ የምኖረው ዳንግላ ነው። ያረጀችው አውቶሞቢሌ ፍሬን በያዝሁ ቁጥር ብረት ከብረት እያፋጨች መጮህ ስትጀምር እሱ ጋ ወሰድኋት፤ የሚኒባስ ሾፌሮች ሁሉ ያመሰግኑታልና። ሁሉ ስላመሰገነውም ገና ሳላየው ጠረጠርሁት።

ዝምተኛ ቢሆን ምናልባት እወደው ነበር። እሱ ግን ለፍላፊ ነው። ጎማ ሲፈታ ያወራል፤ ብሎን በጥርሱ ይዞም ያወራል።

«ጋሼ፣ ይቺን ዲስክ ይዩልኝ! ሳስታ ሳስታ ቆርቆሮ ሆናለች። በዚች ነው ቁልቁለት የሚወርዱት? እርስዎማ ደፋር ነዎት!»

ዲስኮቹም የፍሬን ሸራዎቹም በአዲስ እንዲቀየሩ ተስማማን። ዕቃውን ሲያመጣ ካርቶኑን ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። ጽሑፉ ደብዘዝ ያለ መሰለኝ።

«ኦሪጅናል ነው?»

«ኦሪጅናል ነው ጋሼ።»

«እስቲ ማል።»

ሳቀ። «መማልስ ትቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጌታን ከተቀበልሁ ወዲህ አልምልም። አዎ ካልሁ አዎ ነው። ብቻ አደራዎን ለሰው አያውሩብኝ። እናቴ ያለችው ግምጃ ቤት ከተማ ነው፤ ገና አልነገርኋትም። ከሰው አፍ ከሰማችው ልቧ ይሰበራል። እኔው ራሴ ቀስ ብዬ ነው የምነግራት።»

ይህን ንግግር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። ያን ጊዜ ግን ጥሩ የማምለጫ ዘዴ ነው ከማለት በቀር ምንም አልመሰለኝም።

ሥራውን ሲጨርስ ቁልፉን እጁ ላይ ይዞ መከረኝ።

«አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ ገና አይተዋወቁም። ዛሬ ያላምዷቸው። መንገዱ ጭር ሲልልዎ ፈጠን ይበሉና በልኩ ይዘው ፍጥነቷን ያብርዱ፤ እስከ መቆም ግን አያድርሷት። ይልቀቁና ነፋስ ይምታው፤ ከዚያ ደግሞ ይድገሙት። ዋናው ነገር፣ በጋለበት ሰዓት ረግጠው አይቁሙ። የግድ ከቆሙም እግርዎን ያንሱና በማርሽ ይያዟት።»

«ረግጬ ብቆምስ ምን ይሆናል?»

«ሸራው ዲስኩ ላይ እንደ ማኅተም ይታተማል። ከዚያ በያዙ ቁጥር መሪው እየተንቀጠቀጠ እኔን ሲሰድቡ ይኖራላ!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

እኔ ምን አሰብሁ? ፍሬንህን አጥብቀህ አትያዝ የሚል መካኒክ፣ የማይረባ ዕቃ የሸጠ ሰው ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ከከተማው ወጥቼ ቁልቁለቱን ስጀምር ልፈትነው ቆረጥሁ። ነድቼ ነድቼ በሙሉ ኃይሌ ረገጥሁ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች። ደግሜ ረገጥሁ። ያዘ። መያዙ አላረካኝም፤ የጠረጠሩት ሰው ንጹሕ ሆኖ እንደ መገኘት የሚያናድድ ምን አለ? እንደገና ረገጥሁ። ደጋግሜ ረገጥሁ።

አዲስ ቅዳም ከተማ ስደርስ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ከሰል ይጭናል። ከኋላው ዘቅዘቅ ያለው ቦታ ላይ ቆምሁ፤ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሣ። ረስቼው ነበር? አልረሳሁም። «ረግጠው አይቁሙ» ያለኝ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ስለነበረም ነው አጥብቄ የረገጥሁት። የሚቃጠል ነገር ይሸተኝ ነበር። አዲስ ቅዳም ላይ ደግሞ መቼ ነው የተቃጠለ ነገር የማይሸተው? ከሰሉ ነው አልሁ። የመጨረሻው ጆንያ ላይ እስኪወጣ ድረስ የጋለውን ሸራ የጋለው ዲስክ ላይ አጣብቄ ያዝሁ።

ዳንግላ ስገባ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን ተሰማኝ? ደስታ። «ብዬ ነበር!» አልሁ፣ መኪና ውስጥ ብቻዬን። የጠረጠርሁት ነገር ስላልነበረ በገዛ እግሬ ሠራሁት፤ ከሠራሁት በኋላም አገኘሁት ብዬ ተደሰትሁ።

እስካሁን የተናዘዝሁትን አያችሁ? ቆንጆ ነው። ሞኝነት ነውና ያስቃል፤ ያሳቀ ሰው ደግሞ ቶሎ ይቅር ይባላል። እዚህ ላይ ባቆም ትወዱኝ ነበር። የማወጣው ትንሹ ግን ይህ ነው። ትልቁ ከኋላው ተደብቋል።

አንዷለምን ሽማግሌ ፊት ከሰስሁት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ፖሊስ ጋ አይደርስም። የተቀመጥነው እንጅባራ፣ አያ ቸኮል ግቢ ነው። አያ ቸኮል በጉልምስናቸው የታወቁ ፈረሰኛ የነበሩ፣ አሁን ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌዎቹ የቀርከሃው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ከአጥሩ ሥር ለአንዷለም ሊመሰክሩለት የመጡ ሾፌሮች ተኮልኩለዋል።

አንዷለም እንደ ልማዱ ለፈለፈ። «አያ፣ አዲስ ዕቃ እኮ መላመድ አለበት። ጋሼ ሳያስቡት ግሎ ሳለ ረግጠው ቆመው ይሆናል። ጎማውን ልፍታውና ዲስኩን አብረን እንየው፤ ከሆነ ምልክት አለው።»

አያ ቸኮል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው። ፈረስም ቢሆን አዲስ ልጓም ሲገባለት አፉ እስኪለምድ በጉልበት አይሳብም።»

ዲስኩ ከታየ አለቀልኝ። «ልጓሙ አይለመድም ማን አለ፣ አያ?» አልሁ። «ጥያቄዬ ልጓሙ ብረት ነው ወይስ ቆርቆሮ ነው። ደግሞስ የተከሰሰ ሰው ማስረጃውን ራሱ ይፈታዋል እንዴ?» ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ቃል ማሳመር ቸግሮኝ አያውቅም።

ከዚያም እንዲህ አልሁ፦ «ለምን እንጨቃጨቃለን? ዕቃው ኦሪጅናል ለመሆኑ ይማል። ከማለ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እንደማይምል አውቅ ነበር። እኔ ብቻ አውቅ ነበር። አደራ ብሎ ምስጢሩን ስለሰጠኝ አውቅ ነበር። ለምን እንደማይምል ቢናገር ወሬው ሳይመሽ ግምጃ ቤት፣ እናቱ ጆሮ እንደሚደርስ አውቅ ነበር። ዝም ቢል ምን እንደሚባልም አውቅ ነበር። በችኮላ ነበር? አይደለም። ተናድጄ ነበር? አይደለም። ያን ቃል ከዳንግላ ስነሣ ጀምሮ እንደ ድንጋይ በኪሴ ይዤው ነው የመጣሁት።

«ማል እንጂ፣ አንተ ልጅ!» አለው አንዱ ሾፌር። «ምን ቸገረህ? ማልና ወደ ሥራችን እንሂድ!»

«እንዲያው ስታወራ አፍህ አይደክምም፤ ዛሬ ምን ያዘህ?» አለ ሌላው።

አንዷለም ወደ ሾፌሮቹ አልዞረም። ወደ ሽማግሌዎቹም አልዞረም። እኔን አየኝ። ምስጢሩን አወጣብኝ ብሎ ሳይሆን፣ አሁን ያድነኛል ብሎ ነው የጠበቀኝ። «ተዉት፣ ምክንያት አለው» ብል ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ ካርቶኑን አገላብጬ ባየሁበት ትጋት አሁን መሬት መሬት አየሁ።

«አልምልም» አለ። «አላታለልሁም ብያለሁ። ከዚህ በላይ ቃል የለኝም።»

ያ ለፍላፊ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም። አያ ቸኮል ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ? እንደነገረህ አድርገህ ለመንዳትህ ትምላለህ?»

በምንም የማላምን ሰው ነኝ፤ መሐላ ለእኔ ነፋስ ነው። ተነሣሁና እጄን ዘረጋሁ። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ እንዳለኝ አድርጌ ነው የነዳሁት» ብዬ ማልሁ። የሚያምነው መማል አልቻለም፤ የማያምነው ማለ፤ ለማያምነው ተፈረደለት።

የዕቃውን ዋጋ እንዲመልስ ተወሰነና መለሰ። ቀላሉ ይህ ነበር። «መሐላ ፈሪው» የሚል ስም ወጣለት። እኛ አገር መሐላ የፈራ ሰው የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። ሊመሰክሩለት የመጡት ሾፌሮች አንድ በአንድ ቀሩ። ሰው ጭነው ቁልቁለት የሚወርዱበትን ፍሬን እጁ ለተጠረጠረ ሰው እንዴት ይስጡ? ጋራዡን ሊዘጋ ነው ሲባል ሰማሁ። ዝም አልሁ።

ከመሄዱ በፊት ዳንግላ ቤቴ ድረስ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ በሩን ይዤ ቆምሁ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እንዲህ ሆና አትነዳም» አለኝ። «ሰው ይገጩባታል።»

ይህንንም ጠረጠርሁት፤ ማስረጃ ሊያጠፋ ነው አልሁ። ማስረጃው በማን ላይ እንደነበረ ግን አውቃለሁና አስገባሁት። ጎማውን ፈታ። ዲስኩ ላይ የሸራው ቅርጽ ጥቁር ሆኖ ታትሟል፣ ልክ እንዳለው፣ እንደ ማኅተም። ሁለታችንም አየነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ፈትጎ አጠፋው፤ የሸራዎቹንም ፊት ፈተገ። ከዚያ መሪውን እሱ ያዘ፣ እኔ አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ወደ አዲስ ቅዳም ነዳን። ፈጠን ይላል፤ በልኩ ይይዛል፤ ይለቃል፤ ነፋስ ያስመታዋል፤ ደግሞ ፈጠን ይላል። አላወራም። ያን ሁሉ መንገድ አላወራም። ከሰሉ የሚጫንበት ቦታ ስንደርስ ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እዚህ ረግጠው ቆመው ነበር?»

«አልቆምሁም» አልሁት።

ይማሉልኝ አላለኝም። መኪናዋን ደጄ ላይ አቁሞ ቁልፉን ሰጠኝና በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ፍሬኑ እስከ ዛሬ እንከን አልወጣለትም።

አሁን ቻግኒ እንደሚሠራ አንድ ሾፌር ነገረኝ። ለእናቱም ራሱ ነግሯታል። «ድሮም ጠርጥሬህ ነበር፤ በል ምሳህን ብላ» አለችው ይባላል። እኔ አፉን የዘጋሁበት ፍርሃት ይኸው ነበር።

ለምን ሄደህ ይቅርታ አትጠይቀውም ትሉኝ ይሆናል። ብጠይቀው ይቅር ይለኛል፤ እምነቱ ግድ ይለዋል። አንድ ጊዜ በእምነቱ አስሬዋለሁ፤ በዚያው ገመድ ይቅርታውን ጎትቼ አልወስድም። የወሰድሁበት ስሙን ነው፤ ስሙ ያለው ደግሞ ቻግኒ ሳይሆን አያ ቸኮል ግቢ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሰሞን ወደ እሳቸው ሄድሁ።

«አያ፣ በሐሰት ነው የማልሁት» አልኋቸው። ረግጬ ስለመቆሜ፣ ምስጢሩን እያወቅሁ ይማል ስለማለቴ፣ ሁሉን ነገርኋቸው። እነዚያኑ ሰዎች መልሰው እንዲጠሩልኝ ለመንሁ።

አልተቆጡም። «ያን ቀን እኔም ጠርጥሬህ ነበር» አሉኝ። «ስትምል ነገርህ ከመጠን በላይ አማረ። ግን የማለን ሰው ምን ይሉታል?»

ለአፍታ ቀለለኝ። እሳቸውም ጠርጥረው ዝም ብለዋል፤ እንግዲያው ሸክሙ የሁለታችን ነው! ወዲያው ያን ቅለት ጠረጠርሁት። እሳቸው የያዙት ልማዳቸውን ነው። እኔ የያዝሁት የሰው አደራ ነበር።

«መጥራቱን እጠራቸዋለሁ» አሉ። «ግን ያን ጊዜ ዋሸሁ የምትል ሰው ዛሬስ ላለመዋሸትህ በምን አውቃለሁ? ልጁ አባብሎህ ይሆናል። ና፣ ማልልኝ።»

እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ግን እኔ ከማልሁ ሰዎቹ የሚያምኑት እንደገና የእኔን መሐላ ነው፤ የእሱ ያልማለ ቃል መሬት ላይ እንደወደቀ ይቀራል። ይህም ኩራት ይሆን? ሊሆን ይችላል። ጠርጥሩኝ ብያችኋለሁ።

«አልምልም» አልኋቸው። «ዋሽቻለሁ ብያለሁ። ከዚህ በላይ ቃል የለኝም።»

አያ ቸኮል ቀና ብለው አዩኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን አንዷለምን ያዩበት ዓይን ነው።

«ቅዳሜ ይምጡ እላቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያልማለን ሰው ግን ማን ያምነዋል?»

ቅዳሜ እዚያ ግቢ እገባለሁ፤ አንዷለም በቆመበት ቆሜ፣ ሾፌሮቹ እየሰሙ፣ ሳልምል እናገራለሁ።