በጓሮዬ በር የወደቀው አሰልጣኝ

በዚያ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰቆጣ ኳስ ሜዳ ላይ የነበርነውን ልዘርዝር። ሽማግሌዎቹ አምስት ናቸው፤ ከምዕራቡ ጎል ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ያሉት፣ ነገሩን የሚመሩት አያ ምስጋናው ናቸው። ከኋላቸው መስቀል የያዙ ቄስ ቆመዋል። በስተቀኝ የቡድኑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ደረጀ አንድ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ከእሳቸው አጠገብ አሰልጣኝ መኩሪያ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፤ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መንጋጋው ታስሯል። ሁለት ፖሊሶች ከሜዳው መግቢያ ላይ ናቸው። የከተማው ወንዶች ሣሩ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ልጄ መብራቱ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከጎሉ ቋሚ አጠገብ ነው። ሴቶች ከአጥሩ ሥር ቆመናል። እኔ ከሁሉም ዳር ነበርሁ፤ ዘንቢሌን በሁለት እጄ ይዤ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ስለዚያ ቀን በከተማው ሁሉም የየራሱን ያወራል። እኔ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ነገሩ የተፈጸመው በጓሮዬ በር ነው። ያ በር ነፋስ በመታው ቁጥር ዛሬም ከያዝሁት ሥራ ቆሜ እቀራለሁ።

ቤቴ ከኳስ ሜዳው ጋር ይዋሰናል። በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን የማሳልፈው በጓሮዬ ነው። ኳስ አጥር እየዘለለ ይገባብኛል። የቀድሞዎቹ አሰልጣኞች ተጫዋች ይልኩ ነበር፤ ተጫዋቹም አጥር ዘሎ፣ ጌሾዬን ሰባብሮ፣ ኳሱን ይዞ ይሄዳል። አሰልጣኝ መኩሪያ ግን ኳሶቹን የሚለቅመው ራሱ ነበር። የጎደለ ሲኖር የቆርቆሮ በሬን አንኳኩቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል።

«እማማ፣ የኛ ኮብላይ እርስዎ ዘንድ ገባች?» ይለኛል።

«ገብታለች። ጎሉ ቢጠፋባት እኔ ቤት መጣች» እለዋለሁ።

ይሥቃል። ኳሱን በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ትውውቅ አልነበረንም። ከአዳማ የመጣ ሰው ነው፤ እዚህ ዘመድ የለውም።

ቡድኑ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተሰበሰበ ነው። በደመወዝ የሚጫወቱ ልጆች ከየአገሩ መጥተዋል። መኩሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛው አሰልጣኝ ነበር። በተከታታይ አምስት ጨዋታ ሲሸነፍ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ይባረር አለ፤ ግማሹ ይቆይ አለ። ይባረር ከሚሉት ዋናው ልጄ ነበር። መብራቱ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ደጋፊዎቹን በከበሮ የሚመራውም እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በእሱ ባጃጅ ተሳፈርሁ። አያ ምስጋናውም ከጎኔ ነበሩ። እሳቸው ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ኳስ አይቀራቸውም።

«አንተ መብራቱ፣ በሬ ሲደክም ገበሬ ይቀየራል እንዴ?» አሉት።

«ገበሬው ፈር ከሳተ ይቀየራል፣ አባቴ።»

«ሦስተኛ ገበሬ ነው እኮ። ለበሬውስ ገለባ ሰጣችሁት? ልጆቹ ቁርስ ሳይቀምሱ እንደሚሮጡ አገር ያውቃል።»

«ተጫዋቹ ሲርበው የአሰልጣኙ ዓይን ይጠፋል? አጥቂውን ከኋላ የሚያቆም ሰው ነው!»

«እንግዲያ አንተ አሰልጥናቸዋ። በከበሮህ።»

መብራቱ ባጃጁን ዳገቱ መካከል አቆመ። የፊቱን መስታወት በቡጢ መታው፤ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ። «ይውረዱ» አላቸው። ወረዱ። እኔም ወረድሁ። ዳገቱን አብረን በእግር ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በእጅ ሆነ። የሁለቱ ወገን ሰዎች ገበያ ላይ በሽመል ተማቱ፤ አንዱ ጥርሶቹን ጨው ተራ መካከል ተፋ። የተጫዋቾቹ መኪና በድንጋይ ተደበደበ፤ የበረኛው ቅንድብ ተተረተረ። መብራቱ ማታ ሲገባ የእጁ ቆዳ ተልጦ ነበር። ራቱን ሲጠብቅ ያፏጭ ነበር። ፉጨቱን ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው እዚሁ ነው። ሜዳ አልሄድሁም፤ ከጓሮዬ ሆኜ እሰማለሁ። የኛዎቹ አንድ ለዜሮ ይመሩ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አሰልጣኙ አጥቂውን አስወጣው። ልጁ እያነከሰ ነበር ይላሉ፤ ደጋፊው ግን አልተቀበለም። ወዲያው ሁለት ጎል ገባብን። በዚህ መካከል አንድ ኳስ አጥር ዘልሎ ጌሾዬ ውስጥ ወደቀ። አነሣሁትና በቀሚሴ ጠረግሁት።

ጨዋታው ሲያልቅ ድንጋይ በቆርቆሮ ላይ ይዘንብ ጀመር። ተጫዋቾቹ ሲሮጡ፣ ሰው ሲጮኽ ይሰማኛል። ከዚያ በሬ ተንኳኳ። በዚያ ሁከት መካከል አሰልጣኙ ኳስ ሲለቅም ነበር። ኳሱን ይዤ ከፈትሁለት። የኳሶቹን ከረጢት በትከሻው አንግቷል። ኮፍያውን አወለቀ።

«እማማ፣ የኛ ኮብላይ…»

እጆቹን ዘርግቶ ነበር። ልጄ ከኋላው ሲመጣ አየሁ። ከሜዳው ማዕዘን የነቀለውን የባንዲራ እንጨት ይዟል። የመጀመሪያው ምት ከጆሮው ኋላ አረፈ። አሰልጣኙ በጉልበቱ ወደቀ፤ ከረጢቱ ተፈትቶ ኳሶቹ ተበተኑ። ሁለተኛው ምት ስቶ የበሩን መቃን መታ፤ እንጨቱ ነጥሮ የመብራቱን የራሱን ከንፈር ሰነጠቀው። ደሙን ሲቀምስ ባሰበት። ሦስተኛው የአሰልጣኙ መንጋጋ ላይ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ደምና ጥርስ ደፌ ላይ ፈሰሰ፤ በእጄ የያዝሁት ኳስ ላይም ተረጨ።

መብራቱ ቀና ሲል አየኝ። አላቆመም። በእርግጫ ቀጠለ።

አሰልጣኙ ወደ ውስጥ ሊገባ ይሳብ ነበር። በአንድ እጁ ደፉን ይዟል። እኔ በሩን ገፋሁት። አልዘጋ አለኝ፤ ጣቶቹ ነበሩ። ጣቶቹን በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁት። መቀርቀሪያውን ጣልሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደመታው የማውቀው በድምፅ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ሰው ጓሮዬ አጠገብ ሲሞት ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ በር ዘግቼ ጸልያለሁ። በዚህኛው ቀን አልጸለይሁም።

መብራቱ በፊት ለፊት በር ገባ። ውኃ አቀረብሁለት፤ ታጠበ።

«እማዬ፣ አንቺ ያየሽው ነገር የለም» አለኝ።

«ደም አለብህ።»

«የራሴ ነው። ከንፈሬ ነው።»

ሸሚዙን አጠብሁ። ኳሱን በዘንቢል አድርጌ አልጋ ሥር አስቀመጥሁት።

በማግስቱ መብራቱ የተሰነጠቀ ከንፈሩን እያሳየ አሰልጣኙ ቀድሞ እንደመታው አወራ። «እኔ ሸሸሁ፤ ከዚያ ማን እንደጨመረለት አላውቅም» ይል ነበር። ወሬው ሠመረለት። ይቆይ ይሉ የነበሩትም «ደጋፊ የሚመታ አሰልጣኝማ ምን ያደርግልናል?» ማለት ጀመሩ። በረኛው ብቻ «የመታውን አውቀዋለሁ» ብሎ ተናገረ። በዚያው ሰሞን የተከራየበት ቤት በር ተሰብሮ ክንዱ እስኪወልቅ ተደበደበ። ከዚያ በወልዲያ አውቶቡስ ሄደ። ሌላ ምስክር አልተገኘም።

አንድ ፖሊስ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ደጃፍ ላይ ቆሞ አነጋገረኝ።

«አሰልጣኙ መናገር ስለማይችል ሆስፒታል ሆኖ ቃሉን በጽሑፍ ሰጥቷል። የመታኝ ከኋላ ነው፣ ፊቱን አላየሁም ብሏል። በሩንም አላንኳኳሁም፣ ዝግ ነበር ብሎ ጽፏል። ስለዚህ እርስዎን አናስቸግርም፣ እናቴ።»

«እሺ» አልሁት።

ፖሊሱ ከሄደ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እስኪመሽ አልተነሣሁም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሽማግሌዎቹ እንደ አባቶቻችን አውጫጭኝ እንቀመጥ አሉ። አውጫጭኝ ማለት አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ እየተማለ፣ አንድ በአንድ ያየውን የሚጠየቅበት ልማድ ነው። ጥፋተኛው እስኪወጣ ስብሰባው አይበተንም። የሚጠየቀው ወንድ ነው፤ ሴት አትጠየቅም። ያን እሑድ ጠዋት ዘንቢሉን ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

መጀመሪያ አቶ ደረጀ ወረቀታቸውን አነበቡ። አሰልጣኙ ደጋፊ መትቶ ከተገኘ ዛሬውኑ ይሰናበታል። ካልመታ ውሉ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ውጤት አሳቦ የሚነካው የለም። ኮሚቴው ሁሉ ፈርሟል።

አያ ምስጋናው ተነሥተው መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ ቀጥለው በአማርኛ ረገሙ።

«አይቶ የደበቀ፣ አውቆ የዋሸ፣ ደጁ ይዘጋ!»

«አሜን!» አለ ሜዳው።

«ዘሩ አይብቀል!»

«አሜን!»

ልጄም አሜን አለ። ድምፁን ከሁሉም መካከል ለይቼ ሰማሁት።

ወንዶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ መስቀል እየሳሙ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ። አንዱ ባጃጅ ነጂ «እኔ እንኳን የመታውን ጎሉንም አላየሁ» ሲል ጥቂቶች ሣቁ። አያ ምስጋናው በዘንጋቸው መሬቱን መቱ፤ ሣቁ ቆመ።

የመብራቱ ተራ ደረሰ። መስቀሉን ሳመ። ከንፈሩን በጣቱ ነካ።

«ይኸው ምልክቱ። ኳሴን አምጪ እያለ የእናቴን በር ሊሰብር ሲል አንተ ሰው ተው አልሁት። ዞሮ በቡጢ መታኝ። እኔ የእናቴን ደጅ በደም አላረክስም ብዬ ሸሸሁ። የመታውን አላየሁም።»

«ይኸው! ይባረር!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አሰልጣኙ ወንበሩ ላይ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። አቶ ደረጀ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

ከአጥሩ ሥር ወጥቼ በረድፎቹ መካከል ወደ ፊት ሄድሁ። ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። አያ ምስጋናው አዩኝ።

«እትዬ ታደለች፣ እርስዎን አልጠየቅንም። ይመለሱ።»

«አውቃለሁ» አልሁ።

ቄሱ ፊት ደርሼ መስቀሉን ሳምሁ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርሁ።

«አሰልጣኙ ማንንም አልመታም። እጁን ኳስ ሊቀበለኝ ዘርግቶ ነበር። የመታው ልጄ መብራቱ ነው፤ በማዕዘኑ የባንዲራ እንጨት፣ ከኋላው። ከንፈሩን የሰነጠቀው የራሱ እንጨት ነው፤ መቃኔ ላይ ምልክቱ አለ፤ ሄዳችሁ እዩት። በሬን አንኳኩቶ ነበር። ከፍቼለትም ነበር። ሲወድቅ ጣቶቹን በእግሬ ገፍቼ የዘጋሁበት እኔ ነኝ።»

«እማዬ!» አለ መብራቱ። «እማዬ፣ አብደሻል?»

ኳሱን ከዘንቢሉ አወጣሁ። ደሙ በአንድ ጎኑ ደርቆ ጠቁሯል። ለአሰልጣኙ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከጣቶቹ ሁለቱ አይታጠፉም ነበር።

«ልጇን ሸጠች!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። ድንጋይ መጥቶ ትከሻዬን መታኝ፤ ነጠላዬ ወደቀ። ወንዶቹ ተነሡ፤ ግማሹ ወደ መብራቱ ሮጠ፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተያያዘ። ሽመል ከሽመል ሲጋጭ ይሰማኛል። መብራቱ «እማዬ» እያለ ሁለት ጊዜ ተጣራ። ሁለተኛው ተቋረጠ።

ነጠላዬን አነሣሁ። ፖሊሶቹ ከመግቢያው እየሮጡ መጥተው በግራና በቀኝ አለፉኝ። ባዶውን ዘንቢል ይዤ በመግቢያው ወጣሁ።